ጎረቤት ኮሌጅ ሄዳ ይሆናል

ለክብርት ዶክተር ማርጆሪ ኦልደን
የላርክሚድ ኮሌጅ የተማሪዎች ዲን

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ግቢዎ ሣር በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ይሁንልዎ። ኤሌውቴሪዮ ባራጋን እባላለሁ፤ ግቢዎ እርሻ ሳለ ሎሚ ስለቅምበት የነበርኩ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩምና የማስጽፈው በሰው እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የራሴ ነው፤ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የፈለግሁትም እኔው ነኝ።

የልጅ ልጄን ኖኤሚን ሲቀበሏት «ትንሽ ኮሌጅ ነን፤ እዚህ ሁሉም በስሙ ይታወቃል» ብለውኛል። ደግሞም አምስት ኮሌጆች ጎን ለጎን ሆነው ቤተ መጻሕፍቱን፣ ምግብ ቤቱንና ሐኪሙን ስለሚጋሩ፣ በአንዱ የገባች ልጅ የአምስቱም ልጅ እንደምትሆን በትዕግሥት አስረድተውኛል። አመሰግናለሁ። አምስት ቤት ያላት ልጅ በጥቅምት አልጋዋ ላይ ቀረች። ትኩሳት የላት፣ ቁስል የላት፤ መነሳት ብቻ አቃታት። ስልክ አላነሳ ስትለኝ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልለን የምንቀቅለውን የእሁድ ምግባችንን፣ ታማሌ ይዤ መጣሁ። ያገኘሁትን መስተንግዶ በየተራ ላመስግን።

፩. የምግብ ቤታችሁን ሴትዮ አመሰግናለሁ። ኖኤሚን አይተሻታል ወይ ብላት፣ «ኧረ አባቴ፣ የእኛ ሾርባ ሰልችቷት ጎረቤት ኮሌጅ ሄዳ ይሆናል፤ እዚያ እኮ ፒዛ አለ» አለችኝ። ጎረቤት ስሄድ ደግሞ «የላርክሚድ ልጅ እዚያው ላርክሚድ ነዋ የምትበላው!» ብለው ሳቁ። በክፋት አልሳቁም።

፪. መምህሯን አመሰግናለሁ። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት። ኖኤሚ ስትቀር፣ ማዶ ካለው ኮሌጅ ሌላ ትምህርት የወሰደች መሰለውና ወንበሯን አወጣው። ክቡ እንዳይጎድል።

፫. የመኝታ ቤቱን ተጠሪ ተማሪ አመሰግናለሁ። «አባባ፣ ሦስተኛው ኮሌጅ ጓደኛ ሳይኖራት አይቀርም፤ እዚያ እያደረች ይሆናል» አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። በሯ ላይም ስሟን ጽፎ የወረቀት ኮከብ ለጥፎላታል። ከኮከቡ ሥር አንኳኳሁ።

«ክፍት እኮ ነው» አለች ከውስጥ።

ክፍት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አልተቆለፈም። ታማሌውን ፈታሁላት፤ አልበላችም። ጫማዋን አሰርኩላትና ወደ ቤት ሄድን።

፬. የአምስታችሁን የጋራ ሐኪም ቤት አላመሰግንም። መስከረም ላይ በእግሯ ሄዳ ነበር። «የየትኛው ኮሌጅ ነሽ?» አሏት፤ ነገረቻቸው። «ወረፋሽ ሲደርስ እንጠራሻለን» አሏት። እስካሁን አልጠሯትም።

አሁን ደግሞ ክቡር ደብዳቤዎ ደርሶናል። በጥር መመለስ ከፈለገች፣ ቤቷ የሚከታተላት ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ ታቅርብ ይላል። ማስረጃው ይኸው፤ ሰባት ነፍስ ነን፣ አንድ ሰው ከገበታ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ባቄላው ከእሳት አይወርድም። እኔም በበኩሌ ከእርስዎ አንድ ማስረጃ እለምናለሁ፤ ወንበሯ ባዶ ሲሆን ሄዶ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ስም። አንድ ይበቃናል፤ አምስት አላልኩም።

የሎሚ ዛፎቹ ለሕንፃዎ ቦታ በለቀቁበት ትሕትና እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣
ኤሌውቴሪዮ ባራጋን

ማስታወሻ፦ ይህን የጻፈችልኝ ኖኤሚ ራሷ ናት። ስለ ወንበሩም ስለ በሩም ያልኩትን እንዳልኩት ጻፈች። መጨረሻ ላይ ብቻ «አባባ፣ ለስሙ ቦታ ልተውላቸው?» አለችኝ። መመለስ አለመመለሷን ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ እሱ ነው። ከታች ያለው ባዶ መስመር የእርስዎ ነው።

የሚያንኳኳው ሰው፦ ____________________