ፓስፖርቴን ማን ይቀይረዋል?

ግንቦት 3

ዛሬም ቆጠራ። የብየዳ ክፍሉ ሰባት ፒንሳ ወስዶ ስድስት መለሰ። ሰባተኛው መምህሩ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ረስቼው ነው አለ። ሊሆን ይችላል... እኔ ግን መርሳት የሚባለው ነገር ብዙም አይዋጥልኝም። እጀታው ላይ ሦስቱ ነጥቦቼ ስላሉ መካድ አልቻለም። ከዚህ ትምህርት ቤት የመሣሪያ ግምጃ ቤት የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በሚስማር ሦስት ነጥብ ይመታበታል። የራሴ ዘዴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ዕቃ ተቀይሮብኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቴ እታለም ደወለች። ከዚያ ከሩቁ አገሯ። አንዱ የልቧ በር በደንብ አይዘጋም ብለዋታል። ሰኔ 18 ደረቷን ይከፍቷታል። ድምጿ ደህና ነው፤ ሲከፋት ደግሞ ድምጿ የበለጠ ደህና ይሆናል። «አንተ አጠገቤ ሳትቆም አልተኛላቸውም» አለችኝ። የምሯን ነው። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቷን አቋርጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ታዲያ ልቅር?

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ፓስፖርት ግን አለኝ። ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ በፊት እሷው ጨቅጭቃ አስወጥታኛለች። ብረት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ቁልፉ አንገቴ ላይ።

ግንቦት 5

የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ወኪሉ ፈገግታ ያበዛል። ምን አገኘ?

ፓስፖርቴን ገልጦ በጣቱ ወራት ቆጠረ። «ሰባት ወር ቀርቶታል፣ ለጥቂት ተርፈዋል» አለኝ። ከስድስት ወር በታች ከቀረው አያስገቡም አሉ። ግን ለምን? ለአምስት ዓመት ነው ብለው ሰጥተውኝ አራት ዓመት ተኩል ብቻ የሚሠራ ከሆነ የቀረውን ማን በላው? ጠየቅኩት። ሕጉ ነው አለ። ማን ያወጣው ሕግ? ያንን አያውቅም።

ቲኬቱስ አልኩት። በወረቀት ጫፍ ላይ ስድስት ፊደልና ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። ይኸው ነው አለ። ማህተም የለው፣ ፊርማ የለው። ማህተም አድርግበት ብለው ሳቀብኝ። እኔ እንኳ አንድ መዶሻ ሳወጣ ሦስት ቦታ አስፈርማለሁ።

ግንቦት 8

እታለም የላከችው የግብዣ ደብዳቤ ደረሰ። ወኪሉ ቢሮ አትሞት ባለቤቴ ተቀብላ አመጣችልኝ። አንድ ገጽ። ግርጌው ላይ ግን «ከ2 ገጽ 1» ይላል። ሁለተኛውስ? ባዶ ነው፣ ጣልኩት አለችኝ። ባዶ ወረቀት ማን ይልካል? ባዶ ወረቀትስ ቁጥር ይሰጠዋል?

 ያዝኩላት።

ግንቦት 11

የብየዳ መምህሩ አንዴ በሕይወቱ በሮ ስለሚያውቅ ዛሬ ሙሉ ሻይ ሰዓቱን አስተማሪዬ ሆኖ ዋለ። አየር መንገዶች ካላቸው ወንበር በላይ ይሸጣሉ አለ። አውቀው። ሰው ይቀራል ብለው። ካልቀረስ? ያኔ አንዱን «አንተ ነገ ና» ይሉታል። ሽቶና ዘይት ይወስዳሉ። ሻንጣ ከፍተው ይፈትሻሉ፣ ባለቤቱ በሌለበት። መንገድ ላይ አውሮፕላን ስትቀይር ሻንጣህ አብሮህ ይምጣ አይምጣ የሚያውቀው አንድ ፈጣሪ ነው አለኝ።

ፒንሳውን የያዝኩበትን ቂም እየተወጣ ይሆን?... ግማሹን ብቀንስ እንኳ የቀረው ይበቃል።

ግንቦት 15

ኤምባሲ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሰልፍ። መስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀች። ለምን ይሄዳሉ? ማን ይከፍላል? ንብረት አለዎት? መመለስዎን በምን እናምናለን?

ደሜ ፈላ። እኔን? የግምጃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ ካልተመለስኩ ትምህርት ቤቱ ሥራ ይፈታል አልኳት። ፊቷ ንቅንቅ አላለም። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ስጠየቅ... ሰው ሰውን ሳያውቅ እንዲህ ይጠረጥራል? ቤት ገብቼም ምግብ አልበላ አለኝ።

ግንቦት 18

ባለቤቴ ጠዋት ወጥታ ለምሳ አልደረሰችም። አክስቷ ጋ ነበርኩ አለች። አክስቷ ከእኛ በሁለት ቤት አልፋ ነው የምትኖረው። እዚያ ለመሄድ ባለ ተረከዝ ጫማ?

ግንቦት 22

ቪዛዬ ተፈቀደ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልሆነም፤ ወኪሉ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው። ስገባ ስልክ ላይ ነበረች። «እሱ እንዳያውቅ አደራ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ስታየኝ ድምጿ ተለወጠ። ስለ ሌላ ነገር ነው አለች።

ሌላ ነገር... ከወኪሉ ጋር ምን ሌላ ነገር አላት?

ግንቦት 24

መነጽሬን ስፈልግ ቦርሳዋ ተከፍቶ አየሁት። (መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ይሁን።) ውስጡ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ። የእሷ። ከኋላ ነጭ ግድግዳ፣ ሁለቱም ጆሮ ወጥቶ፣ አፍ ገጥሞ። ይቺ ለቀብር ፎቶ እንኳ ጥርሷን የምታሳይ ሴት! እንዲህ ያለ ፎቶ የሚነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

የት ልትሄድ ነው? እኔ እታለም ጋ ስሄድ እሷ ወዴት? ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ፈጣሪ ልጅ ባይሰጠን እንኳ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረችኝም።  መልሼ እንደነበረው አስቀመጥኩት።

ብጠይቃትስ? ብጠይቃት ትነግረኛለች። እሱን ነው የፈራሁት።

ግንቦት 27

ወኪሉ ፓስፖርቱን ለሦስት ቀን ይመልሱልኝ አለ። አውሮፕላን የምቀይርበት አገርም የራሱን ፈቃድ ይፈልጋል አሉ። ከኤርፖርቱ ሳልወጣ! ወንበር ላይ ተቀምጬ ለምነሳው ፈቃድ? ሦስት ቀን ሙሉ ፓስፖርቴ ማን እጅ ላይ ሊያድር ነው? ቪዛ ያለበት ፓስፖርት ስንቱ እንደሚፈልገው የብየዳ መምህሩ ነግሮኛል። ፎቶውን አንስተው የሌላ ይለጥፉበታል፣ ወይ አመሳስለው ሌላ ይሰጡሃል አለ።

እምቢ ብል ጉዞው ይቀራል። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ቀጭን መርፌ ወስጄ ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ፣ ፊደላት በተደረደሩበት መስመር መሃል፣ ሦስት ነጥብ ወጋሁበት። ካላወቁት አይታይም። አሁን ይቀይሩት እስቲ።

ሰኔ 1

ፓስፖርቱ ተመለሰ። ፈቃዱ ተመትቶበታል። መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ብርሃን ያዝኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የእኔው ነው። ወኪሉ ምን እያዩ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ከሳምንታት ወዲህ የዛሬን ያህል ቀሎኝ አያውቅም።

ሰኔ 9

ሻንጣዬን ግምጃ ቤቱ ሚዛን ላይ መዘንኩት። ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል። የተፈቀደው ሃያ ሦስት። የእነሱ ሚዛን ቢያጭበረብር ብዬ ግማሽ ኪሎ ተውኩለት።

ባለቤቴ የራሷን ቀሚሶችም ስትተኩስ አየሁ። ሦስት ቀሚስ። ለሽኝት?... እታለም ሁለቴ ደወለች። ሁለቴም ከእኔ በፊት ከባለቤቴ ጋር ብዙ አወራች። እታለም ራሷ አለችበት ማለት ነው? እኔ ምኗ ነኝ ታዲያ?

ሰኔ 14

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ ለራሴ እዋሻለሁ።

ከበረራው አራት ሰዓት ቀድመን ኤርፖርት ደረስን። ባለቤቴ «እስክትገባ አልሄድም» ብላ መስታወቱ ውጭ ቆመች። ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ ፓስፖርቴን ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ማሽኑ ጮኸ። ጠርጋ ደገመችው። ጮኸ። ከዚያ ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ ያዘችው። እኔም አየሁ፤ በሦስቱ ቀዳዳዎች ብርሃን ይገባ ነበር።

አለቃዋን ጠራች። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባኝ። ሁለት ወንበር። መስኮት የላትም።

«ይህንን የወጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። እስካሁን ፊቴ ይቃጠላል።

«ለምን?»

«እንዳይቀየርብኝ።»

«ማን ይቀይርብኛል ብለው?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ወኪሉ... መልሶልኛል። የኤምባሲዋ ሴት... መልሳልኛለች። ባለቤቴ... ባለቤቴ መስታወቱ ውጭ ቆማለች። ሁሉም እንደተቀበሉት መልሰውልኝ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። 

ማሽኑ የሚያነበው የታችኞቹን ሁለት መስመሮች ነው አለኝ። ለካ የወጋሁት ልቡን ኖሯል። የተነካካ ሰነድ ስለሆነ አያሳፍረኝም፤ እሱ ቢያሳልፈኝ እንኳ እዚያ ሲያርፍ ይመልሱኛል። አዲስ ለማውጣት ቢፈጥን ሁለት ሳምንት። ቪዛውም ከዚያ በኋላ እንደገና። እህቴ ከአራት ቀን በኋላ ትከፈታለች አልኩት። አዘነልኝ፤ ማዘኑ ግን በር አልከፈተልኝም። ወረቀት አቀረበና «ፓስፖርቴን በገዛ እጄ ወግቼዋለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ማህተምም መታበት።

ስወጣ ባለቤቴ አልጠየቀችኝም። ሻንጣውን ተቀበለችኝ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ሰው ፊት። እታለም ምን ትለኛለች? ሳይሆን... እታለም እምቢ ብላ ብትቀርስ?

ሰኔ 15

ጠዋት ባለቤቴ ወኪሉ ቢሮ ሄዳ መጣች። አንድ ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የእሷ። ቪዛ አለበት፣ የመንገዱ ፈቃድም አለበት። ከሱ ጋር ያቺ «ባዶ ናት» የተባለች ሁለተኛ ገጽ። የእሷ ስም ያለበት ግብዣ።

የእታለም ሐሳብ ነበር። አንዱ ቢሰናከል ሌላው ይድረስልኝ ብላ። ባለቤቴ አክስቴ ጋ ነበርኩ ያለችበት ቀን ኤምባሲ ነበረች፤ እሷንም ያቺው ሴት ነች የጠየቀቻት። ፓስፖርቷ ወኪሉ መሳቢያ ውስጥ ነው የከረመው።

ለምን ደበቅሽኝ አልኳት።

«ብነግርህ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ትከትብኝ ነበር» አለች። ቆይታ ደግሞ «ያንንም ትወጋው ነበር» አለች። መሳቅ ጀመረች፣ ከዚያ መሳቋን ተወች።

ልትሄጂብኝ መስሎኝ ነበር አልኳት። ፎቶሽን አይቼ። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ አይታኝ አታውቅም። «ሦስት ሳምንት ይህንን ይዘህ እኔ ያቀረብኩትን ትበላ ነበር?» አለችኝ።  ዛሬ ከሁሉ የጎዳኝ ይኸ ነው፤ ኤርፖርቱ አይደለም።

ወኪሉ ለነገ አንድ ወንበር አግኝቷል። ያ ፈገግታው ለካ ተፈጥሮው ነው።

ሰኔ 16

ሸኘኋት። እኔ ከትናንት ወዲያ እሷ የቆመችበት መስታወት ጋ ቆምኩ። ማሽኑ አልጮኸም። ዞር ብላ እጇን አነሳችልኝ። አኩርፋለች፤ ግን አነሳች።

ሰኔ 17

ደርሳለች።

ሰኔ 18

ሥራ አልገባሁም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ለብየዳ መምህሩ ሰጠሁት። አደራ እንኳ አላልኩትም፤ ጉልበት አልነበረኝም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እታለም ራሷ። ልብስ አስቀይረዋታል፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። «የት ነህ?» አለችኝ። ባለቤቴ ነግራታለች፤ ግን ከእኔ አፍ ልትሰማ ፈለገች። ሁሉንም ነገርኳት። መርፌውን፣ ማሽኑን፣ ፊርማውን። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

እታለም ተኚላቸው አልኳት። እሷ አጠገብሽ ናት። እኔ የቆምኩ ያህል ቁጠሪው።

«ታምናታለህ?» አለችኝ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ኪሴን ስቆጥር ያየችኝ። ውሸት ብነግራት ታውቃለች። ከጀርባ ባለቤቴ ለነርሷ ቀስ ብላ ስታወራ ይሰማኛል። የእታለምን ነጠላ ጫማ የት ላስቀምጠው እያለች ነበር።

«አምናታለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እተኛለሁ» አለች። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠቻት።

ሰኔ 19

ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ደወለች። ስድስት ሰዓት ፈጀ። ተሳክቷል። የልቧ በር ይዘጋል፣ ይከፈታል። ገና አልነቃችም፣ ግን እጇን ስይዛት ትጨብጠኛለች አለች።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ሃሎ ሃሎ አለች። አለሁ አልኳት።

ልማዴን ታውቀዋለችና «ሐኪሙን ላገናኝህ? ወይስ ፎቶ አንስቼ ልላክልህ?» አለችኝ።

አይ አልኳት። ነግረሽኛል አይደል?