በቀበቶህ ላይ ያሉት ሦስት ቀዳዳዎች

ሙሌ ሆዴ፣ እንዴት ነህ እንዳልልህ መልስ አትሰጠኝም፤ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ አንተን መዋሸት መቼ ችዬ አውቃለሁ? ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ከተማችን ሮብ ገበያ እንደምታውቃት ናት፤ ብርዷ ግን ዘንድሮ ብሷል። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የጓሮውን በር ገንጥሎት በገመድ አስሬዋለሁ። ባዝራዋ ወልዳለች። ውርንጭላዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ብታያት ስለ አካሄዷ የምትለው አይጠፋህም ነበር። ቤዛችን አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷም የበሩን መቀርቀሪያ አልፏል።

ይህን የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቃል ነው። መምህሯ «አስተዋይ» በሚለው ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብላ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። ቤዛም ደብተሯን ይዛ መጥታ ምን ማለት ነው ስትለኝ፣ እንደ አባትሽ ያለ ሰው ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ፈረስ የሚገዛ ሁሉ አንተን ይዞ ደምበጫ ገበያ ድረስ ይሄድ የነበረው ለምን ሆነና! ሻጩ ሲምል ሲገዘት አንተ ዝም ብለህ ኮቴውን ታያለህ፤ ራስህን ከነቀነቅህ ግዢው ቀረ ማለት ነው። የድንቹ ቅጠል ጫፉ ጠቆር ሲል ከሁሉ ቀድመህ የምታየው አንተ ነበርክ። ቤዛን ማርገዜንም ሳልነግርህ ነው ያወቅኸው። ወጡ ሲንተከተክ ፊቴን ማዞሬን አይተህ በማግስቱ እንጨቱን ራስህ ፈልጠህ፣ ውሃውንም ራስህ ተሸክመህ ገባህ። አንዲት ቃል አልወጣህም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እኔስ? አይ እኔ! በዚህ ብርድ አገሩ ሁሉ እስከ ዓይኑ በጋቢ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው፤ አንተም ተከናንበህ ስትውል ምን ብዬ ልጠርጥር? ሰውነትህ ሲያልቅ ጋቢው ሸፈነልህ። ምን ሆነሃል ስልህ ብርድ ነው ትለኛለህ፤ እኔ ሞኟም ሌላ ጋቢ እደርብልሃለሁ። በገዛ እጄ ደበቅኩህ። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ረፍዶ ነበር።

ከቀብርህ በኋላ ልብስህን ሳጣጥፍ ቀበቶህን አገኘሁት። በሚስማር የበሳሃቸው ሦስት አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። ሦስት ጊዜ ቀበቶህን አጥብቀሃል፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ። ምነው ሙሌ፣ ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ተቀይሜሃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከቤዛ ላይ አይነሳም። ካሳላት ልብሷን አስወልቄ ጎኗን እዳብሳለሁ። እንጀራ ካስተረፈች እንደገና ቆርሼ አጎርሳታለሁ። ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መንገድ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ አንቺ ሴት ልጅቷን በዓይንሽ ፈጀሻት እኮ ይሉኛል። ሳቅ ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ትናንት ቤዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደብተሯን ገለጥኩት። የመጀመሪያው «አባቴ አስተዋይ ሰው ነበር» ይላል። ሁለተኛው «እናቴ አስተዋይ ናት፤ ሳልነግራት ያመመኝን ታውቃለች» ይላል። እሰይ የኔ ልጅ ብዬ ሳልጨርስ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ።

«እኔም አስተዋይ ልጅ ነኝ፤ የእናቴ መቀነት ድሮ ሁለት ጊዜ ነበር የሚዞራት፣ አሁን ሦስት ጊዜ ይዞራታል።»

ወገቤን ዳበስኩት። እውነቷን ነው፤ ጫፉ እንኳ ተርፎ ተንጠልጥሏል። በየጠዋቱ በገዛ እጄ እየታጠቅሁ አላየሁትም፣ ወይም ማየት አልፈለግሁም። ባለፈው ሳምንት ቤዛ፣ እማ ምን ሆነሽ ነው የሚደክምሽ ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ብርድ ነው አልኳት። ያንተኑ ቃል፣ ሙሌ።

ልጅቷ እንስራዋን ይዛ ስትመለስ ጋቢዬን አውልቄ፣ መቀነቴን ፈትቼ ፊቷ ቆምኩ። ነይ እይኝ አልኳት። ወገቤን አቀፈችኝ፤ አልደነገጠችም። ስታየኝ ከርማለቻ!

ነገ ማለዳ ሁለታችንም ደብረ ማርቆስ እንወርዳለን፤ ልመረመር ነው። ያንተ ሐዘን ይሁን ሌላ ነገር፣ አላውቅም። እጅግ ፈርቻለሁ። እሷ ከኔ ሌላ ማን አላት? ቀበቶህን ከተሰቀለበት አውርጄ ከመታወቂያዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ያንን ቀበቶም ከአጠገቤ አለየውም። አንተን ማስታወስ ግን እንዳንተ ሕመምን መደበቅ ማለት አይደለም። ነገ ስገባ ጋቢዬን ቤዛ ውጭ ትይዝልኛለች። ሐኪሙ ምን ሆነሻል ሲለኝ ብርድ ነው አልልም።