ለሱሌማን፣ ስለ ሐያት መታወቂያ

ሱሌዬ፣

ባለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ሰው ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ ይቀልልሻል ይለኛል። አልቀለለኝም፤ ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁት የማማክርህ ነገር ስላለ ነው። ሌላ የምነግረው ሰው ቢኖረኝ አንተን ባላስቸገርኩህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መርሳ ገበያዋ እንደ ድሮው ባይሆንም ይደምቃል፤ አውቶቡሱም ከደሴ ወልድያ ይመላለሳል። የስፌት መኪናህ ከጦርነቱ በኋላ አልተገኘም። ማን እንደወሰደው ጠይቄም አላውቅም፤ መጠየቅ እፈራለሁ። ትሰፋበት በነበረው በጋሽ ካሕሳይ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ አሁን ሌላ ሰው ጫማ ይሸጥበታል። እኔ ግራና ገበያ እየወረድኩ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ሐያታችን አድጋለች። ቁመቷ ያንተ ነው። ፈተናውን አልፋ ወልድያ ልትማር ነው።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ለመመዝገብ መታወቂያ አስፈለጋት። ፎርሙ ላይ ደግሞ «ብሔር» የሚል መስመር አለ። ያን ቃል ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ታስታውሳለህ፣ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ ሲባል መኪና ካለው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ወጣ። ነጋዴው፣ የቢሮ ኃላፊው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሁሉ ቀደመ። እኛና መሰሎቻችን ተሳፋሪ መኪና ስንጠብቅ ሁለት ቀን አለፈን። በሦስተኛው ቀን የስኳርህን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በጉያዬ ይዤ፣ ሦስታችንም በእግር በደሴ አቅጣጫ ወደ ውርጌሳ መንገድ ያዝን።

ሃያ ዓመት መርሳ ኖረህ አነጋገርህ ግን የማይጨው እንደሆነ ቀረ። ድሮ ሰው በአነጋገርህ ይስቅ ነበር፤ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ መሳቁ ቀረ። ዝም ብለው ያዳምጡህ ጀመር። የፈራሁት ያኔ ነው።

መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ፣ ዱላና ጠመንጃ የያዙ ወጣቶች መታወቂያ ሲያዩ ከሩቅ አየናቸው። «አንተ እንዳትናገር» አልኩህ። አንዱ «ከየት ነው የመጣችሁት?» ብሎ ወዳንተ ሲዞር፣ እኔ ቀድሜ «ዱዳ ነው፤ ታሟልም፤ እኔን ጠይቁኝ» አልኩት። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። አንተ መሬት መሬቱን አየህ።

ወጣቱ መታወቂያህን ገለጠው። «ዱዳው ትግሬ ነው» ብሎ ለጓደኛው አሳየውና ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺ እለፊ፤ ልጅቷም ትለፍ። እሱ ይመለስ» አለኝ።

የጋሽ ካሕሳይ መኪና የደረሰው ያኔ ነው። ያንተው አገር ሰው፤ መታወቂያው ላይ የተጻፈው ቃል ያው ያንተው ቃል፤ አነጋገሩማ ካንተም ይብስ ነበር። ከመኪናው እንኳ አልወረደም። በመስኮት ስልኩን ለአለቃቸው ዘረጋለት። ሰውየው ጆሮው ላይ አድርጎ «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» እያለ አዳመጠ። ገመዱ ወረደ። እስከዚያች ሰዓት ሰውን የሚለየው ያ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ግን እንደ ተሸካሚው ይከብዳል፣ ይቀልላል። እሱ ላይ ምንም አልነበረም። አንተ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ የሰው ሱሪ የምትሰፋው፣ አንተን አጎበጠህ።

ሮጬ የመኪናውን መስኮት ያዝኩ። «ጋሽ ካሕሳይ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሱሌማንን ይውሰዱልኝ» አልኩት። አንተን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «እሱን ከጫንኩ እኔንም ይመልሱኛል፣ መዲና። ልጅቷን ስጪኝ» አለ። ደሴ እህቴ ጋር እንዲያደርሳት ሰጠሁት። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብላ «አባ! አባ!» ብላ ጮኸች። አንተ አልመለስክላትም። ዱዳ ብዬሃለሁና። እጅህን ብቻ አነሳህላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ተመለስን። ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እኛ ሁለቱንም ወገን ፈራን። የገቡት ታጣቂዎች በቋንቋቸው ካነጋገሩህ ጎረቤት «የነሱ ሰው ነው» ይለናል፤ እነሱ ሲወጡ የሚመጡትም ያንኑ ይሰማሉ። በር ዘግተህ ተቀመጥክ። መድኃኒትህ አለቀ። ፋርማሲዎቹ ባዶ ነበሩ፤ የሚከፍል ሰው ከሩቅ ያስመጣል ይባል ነበር፣ እኛ ማንን እንልካለን? በመጨረሻው ቀን ጠዋት ዓይንህን ገለጥህና «ማይ» አልከኝ። በቋንቋህ ውሃ ስትለኝ ነው። እኔ ደጅ ሰው ሲያልፍ ሰምቼ አፍህን በእጄ ሸፈንኩት። ውሃውን ያመጣሁልህ ኮቴው ከራቀ በኋላ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ሱሌዬ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ጀናዛህን ማን ይሸከማል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከመጋዘኑ ጆንያ የሚያወርዱት የቀን ሠራተኞች መጡ። «የተቀደደ ሱሪያችንን ስንት ጊዜ ሰፍቶልናል» አሉ። «የነሱ ሰው ነው» ይለን የነበረው ጎረቤታችንም ከኋላቸው መጣ።

ጋሽ ካሕሳይ ሐያትን ከእህቴ አገናኝቷት ኖሮ መንገዱ ሲከፈት ተመለሰችልኝ። እሱ ወደ መርሳ አልተመለሰም። ላመስግነው ወይስ ልርገመው፣ እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ ወደ መታወቂያው። ባለፈው ማክሰኞ ቀበሌ አብረን ሄድን። መንገድ ላይ «አማራ በይ፤ የኔም ልጅ አይደለሽ?» ብዬ ለመንኳት። ዝም አለች፤ እሺ ያለችኝ መሰለኝ። ጸሐፊዋ «ብሔር?» ስትል እኔ ፈጥኜ «አማራ» አልኩ። ሐያት እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ የጠየቁት እኔን ነው» አለችና፣ «አባቴ ትግሬ ነው፣ እናቴ አማራ ናት፤ ሁለቱንም ይጻፉልኝ» አለቻት።

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማ። ጸሐፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የኔ ልጅ፣ መስመሩ አንድ ነው። አንዱን ምረጪ» አለቻት።

«እንግዲያው የአባቴን ይጻፉልኝ» አለች።

ከበር እንደወጣን ጮህኩባት። ገበያ መካከል፣ ሰው እያየን። «ራስሽን ልታስገድዪ ነው? ነገ ደግሞ ገመድ ቢወጠር ምን ልትዪ ነው?» አልኳት። እሷ አልጮኸችም። «እማ፣ ጋሽ ካሕሳይን ያሳለፈው ሀብቱ ነው። እኔ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አማራ ብል ስልክ የሚደውልልኝ አለ? ምንም ቢጻፍ ድሃ ነኝ። ቢያንስ የአባቴ ልጅ ልሁን» አለችኝ።

ቅዳሜ ትሄዳለች። ይህን ስጽፍልህ ጓዳ ገብታ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። ወልድያ ቅርብ ናት ይሉኛል። አዎ፣ ቅርብ ናት። አውቶቡስ ፍጥነቱን ሲቀንስ በሰማሁ ቁጥር ግን ገመድ የተወጠረ መስሎኝ ወደ ደጅ እወጣለሁ፤ ያ ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ እያሰብኩ እንዴት እንደምውል አላውቅም። ልክ አድርጋለች ትለኝ ነበር? ወይስ አንተም እንደኔ ትለምናት ነበር?

አርብ አርብ ዱዓ ሳደርግልህ የደረሰችበትን እነግርሃለሁ። ፍርሃቴን አስወግዳለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም፤ አልችልም። ግን ግራና ገበያ ላይ አንዲት ሴት «ባልሽ ማን ነበር?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ እስከዛሬ እንዳደረግሁት «ሞቷል» ብዬ አላልፋትም። ሱሌማን ይባላል፣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የማይጨው ሰው ነው እላታለሁ። እየፈራሁም ቢሆን እላታለሁ።

ያንተው መዲና