ካፖርቴን የለበሰው ሰውዬ

ለእህቴ ለሌዎንቲን፤

ሰባ ስምንት ዓመቴን ደፍኛለሁ። እንጨቴን እኔው እፈልጣለሁ፣ ሾርባዬን እኔው እሠራለሁ፣ ይኸንንም ደብዳቤ ማንንም ሳላስቸግር በገዛ እጄ እየጻፍኩ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድም አንቺ ታውቂበታለሽ። ለመሆኑ አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባሕር ማዶ የዚያ የኑሜያ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽን ፊርማንን ያ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ ሶላንዥስ ተገላገለች ወይስ ገና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ ሲዶኒ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልም እኔ አልወደቅኩም። ጭንቅላቴ ብቻ ሰሞኑን ዞሮብኛል፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

እዚህ ዦዋንቪል የሲኒማ ወዳጆች ማኅበር አለ። የምትመራው መምህርቷ ማድሞዋዜል ቬርኔ ናት። እሷ ታዲያ ድሮ የሠራሁበትን የሠርጉን ፊልም ከአንድ ነጋዴ መጋዘን አገኘሁ ብላ በሬን አንኳኳች። እንደምታውቂው መሪ ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። የመንደር ዘበኛ፣ ጋሪ ነጂ፣ ሠርግ የሚረብሽ ሰካራም፤ ፊቴን አገር ያውቀዋል፣ ስሜን ማንም አያውቀውም። አሮጌ ፊልም ቀልጦ የፀጉር ማበጠሪያ ይሆናል ስለሚሉ፣ የእኔ ዕድሜ ሁሉ በሰው ፀጉር ውስጥ የቀረ ነበር የሚመስለኝ።

እሑድ ዕለት የክት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ፀጉር አስተካካዩ ግራቲየን ገና ከበር «መንገድ ልቀቁ፣ ሙሽራው መጣ!» ብሎ ጮኸ። መብራት ጠፋ። ሸራው ላይ እኔ የሠራሁት ዘበኛ ገባ። ካፖርቱ የእኔ፣ ቆቡ የእኔ፣ ጢሙም የእኔ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ አፉን ከፈተና በስፔንኛ ተናገረ! ክው አልኩ። ግራቲየን በክርኑ ጎሸመኝና «ድምፅህን ቀይረውብህ ነው፤ ዛሬ እንዲህ ነው የሚሠሩት። የአሜሪካ ተዋናዮችስ እዚህ ሲኒማ ቤት በእኛ ቋንቋ ያወሩ የለ?» አለኝ። አመንኩት። አካሄዱ የእኔ ነው፣ ማጅራቱን የሚያክበትም አኳኋን የእኔ ነው። እኔው ነኝ አልኩ።

ወዲያው ሲዶኒ መጣች፣ ሌዎንቲን! የዳቦ ቅርጫት ይዛ፣ ፊቷ የግድግዳ ያህል ሆኖ፣ ያን ሳቋን እየሳቀች። ልብስ ሰፊያችን እሷ ብትሆንም ሰው ሲጎድል ከሠርገኛው ጋር ያቆሟት ነበር። ዘበኛው ዳቦ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ግን የእጅጌው እጥፋት ተፈትቶ እስከ አንጓው ወርዶ አየሁት።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣልኝ። በዚያ ዘመን አንዱን ፊልም በአንድ የፊልም መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በየቋንቋው ሌላ ሌላ ተዋናይ እያስገቡ ይሠሩት ነበር። እኛ ቀን ሠርተን ስንወጣ ማታ ስፔኖቹ ይገባሉ፤ እኔ ያወለቅኩትን ካፖርት የእኔው ቢጤ ገና ትኩሱን ይለብሰዋል። ክንዱ ረጅም ስለነበር ሲዶኒ ማታ እጅጌውን ለእሱ ታወርደዋለች፣ ጠዋት ለእኔ ታጥፈዋለች። ቃል የማይናገሩት ሠርገኞች ደግሞ ከሁለታችንም ጋር ይቆማሉ። ስለዚህ ሚስቴ ሚስቴ ናት፣ ሰውዬው ግን ሌላ ነው። ማጅራት ማከኩን እኔ ከእሱ ወሰድኩት ወይስ እሱ ከእኔ? ይኸው እስከ ዛሬ ይምታታብኛል።

መብራት ሲበራ ሁሉም እጄን ሊጨብጥ ተረባረበ። መምህርቷ ተነስታ ወደ እኔ እያሳየች «ሙሴ ፑጆል የእኛው ሰው ናቸውና ማኅበሩ ፊልሙን ገዝቶ ያስቀረዋል፤ አለዚያ ነጋዴው ለሚያቀልጡት ሊሰጠው ነው» አለች። አስቢው እንግዲህ። ዝም ካልኩ ሲዶኒ እዚሁ ትቀራለች። ከተናገርኩ ማበጠሪያ ትሆናለች። ግን በሌላ ሰው ሥራ ተመስግኜ ደግሞ ሚስቴን በምን ዓይኔ ነው የማያት? «ያ ሰውዬ እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ግራቲየን «በቃ፣ ሽማግሌው ራሱንም ረሳ!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። እኔም አህያ አልኩት። ስለ እጅጌው ሳስረዳ ግን ሳቁ ጠፋ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ የማናውቀውን ስፔናዊ ምን እናደርገዋለን?» አለ። መምህርቷ ወደ እኔ ዞረችና «ቃሉን ያስታውሱታል?» አለችኝ። ሳላስብ አዎ አልኩ። «እንግዲያው በሚመጣው እሑድ ከሸራው አጠገብ ቆመው በእኛ ቋንቋ ይናገሩለት። አዳራሹ ከሞላ እናስቀረዋለን» አለች።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቃል ከወረቀት ማጥናት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ፤ ቃሌን ሁሉ ያስጠናችኝ ሲዶኒ ናት፣ ሽንኩርት እየላጠች። አሁን ብቻዬን ስለማመድ ቃሉ ይመጣል፣ ግን በእሷ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ የእኔን ድምፅ ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ደግሞ የምስቀው ዳቦውን ከመቀበሌ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? አንቺ ሮዴዝ ከተማ ሳለሽ እኔ ያለሁበትን ፊልም አይተሻል። መልስሽ ከእሑድ በፊት እንደማይደርስ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ጻፊልኝ።

ወደ እኛ ና የምትዪኝን ነገር ተይው፤ ሥራ ላይ ነኝ። ፊርማንን ትምባሆውን እንዲቀንስ ንገሪልኝ። ሶላንዥን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ሕፃኑም ተወልዶ ከሆነ ጉንጩን። አማትሽን አሮጊቷን ኦዲልን፣ ጆሯቸው ከሰማ፣ ኤቫሪስት ሰላም ብሏል በያቸው።

ያለብኝን ዕዳ እኔው እከፍላለሁ፣ ማንም እንዳይገባበት። ለግራቲየን፣ በሰው ፊት አህያ ስላልኩት፣ በሰው ፊት ይቅርታ። ለመምህርቷ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው። ስሙን ጠይቄው ለማላውቀው ለዚያ ስፔናዊ፣ የተቀበልኩበትን ጭብጨባ። ለሲዶኒ፣ ያስጠናችኝን ቃል፣ አንዱንም ሳልዘል፣ እዚያው ሳቋ አጠገብ ቆሜ።

ወንድምሽ ኤቫሪስት
ዦዋንቪል፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1956