አመዱ የት ይደፋል?

አሶሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ቲቸር ጫኔ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከታች ያለውን ስም ቀድመው አይተውት ከሆነ፣ ደብዳቤውን ሳይቀዳድዱት ትንሽ ይታገሱኝ። ቀነኒ ነኝ፤ ከባምባሲ የመጣችው፣ የአሥራ አንደኛ «ለ» የክፍል አለቃ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጽፍልዎ እያሰብኩ ስተወው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሁለት ነገር ተገጣጠመብኝ፤ አንዱ ጥያቄ ነው፣ ሌላው ጥፋቴ። እንደ ልማዴ ከጥያቄው ልጀምር፤ ጥፋቱ ሲጽፉት እጅ ያስራል።

የምሠራው እዚሁ በክልሉ አንድ ቢሮ ነው። የኃይል ባለሙያ ይሉኛል። ባለሙያ ስልዎ አይሳቁብኝ፣ ሦስት ሆነን ሁለት ወንበር ነው ያለን። ጥር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ቅጽ መጣልን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የዓለም አገሮች አየሩ እየሞቀ ነው ብለው ተስማምተዋል። ጭሳቸው የበዛ ሀብታም አገሮች ድሃ አገር መጥተው ጭስ የሌለው የኃይል ምንጭ ቢሠሩ፣ የቀነሰው ጭስ ለእነሱ ይቆጠርላቸዋል። ክልሎችም የምንፈልገው ላይ ምልክት እንድናደርግ ተጠየቅን። ውሃ፣ ፀሐይ፣ ነፋስ እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ ኒውክሌር ይላል።

አለቃዬ አቶ ሞቱማ «አዲስ ክልል ነን፣ ማን ያውቀናል? አንድም ሳጥን ባዶ እንዳይቀር» አሉኝ። ሁሉንም ሞላሁ። እውነቱን ልንገርዎና፣ ሌሎቹን በትእዛዝ ነው የሞላሁት፤ ኒውክሌሩን ግን ደስ እያለኝ ነው። እርስዎን አስታውሼ።

መጋቢት ላይ ቅጹ እንዳለ ከደብዳቤ ጋር ተመልሶ መጣ። ሀብታሞቹ አገሮች በዚህ አሠራር ኒውክሌርን ከመጠቀም ሊታቀቡ መስማማታቸውን ገልጾ፣ ክልሉ ስለ ምርጫው ማብራሪያ ይስጥ ይላል። የከፋው ደግሞ አብረን አባሪ ያደረግነው ጥያቄም አብሮ መመለሱ ነው። ለቶንጎ ጤና ጣቢያ በፀሐይ የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ጠይቀን ነበር። አሁን ያለው በላምባ ነው የሚሠራው፤ ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ ላምባው ያልቃል፣ ክትባቱም ይበላሻል። አቶ ሞቱማ ቱግ አሉ። አንድም ሳጥን እንዳይቀር ያሉት እሳቸው መሆናቸው ተረሳና ግምገማ ተጠራብኝ።

ግምገማ ስል ይኸው ጥፋቴ ላይ ደረስኩ።

በ1988 ልክ እንዳሁኑ የማንጎ ወቅት ነበር። አቶም ሲሰነጠቅ ሌላውን እንዴት እንደሚሰነጥቀው በሰሌዳ ቢያስረዱን አልገባን አለ። «በሉ ነገ ማንጎ ብሉና ፍሬውን ሁለት ሁለት ይዛችሁ ኑ» አሉን። በማግስቱ ሁላችንም ፍሬያችንን ይዘን ቆምን። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍሬ ያረፈበት ሰው የያዛቸውን ሁለቱንም ይወረውራል። እርስዎ አንዲት ፍሬ ወረወሩ፤ እንኳን ልንቆጥር ዓይናችንን ለመሸፈንም አልደረስንም። ቀጥለው ግማሾቻችንን እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ ብለው ደገሙት። ፍሬው ቀስ እያለ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። «ቦምብና መብራት የሚለዩት በዚህ ነው፤ ኪስ ውስጥ በገባው እጅ» አሉን። አሁንም ድምፅዎ ይሰማኛል።

ሦስተኛውን እኛ ነን የለመንነው፣ ያለ ኪስ ይሁንልን ብለን። ያን ጊዜ ርእሰ መምህሩ በሩን ከፈቱ፣ አንዲት ፍሬም ግንባራቸው ላይ አረፈች።

በዚህ ሰበብ በተጠራብዎ የመምህራን ግምገማ ላይ ምስክር ተብዬ ተጠራሁ። ትምህርት ነበር ወይስ ጨዋታ ብለው ጠየቁኝ። የክፍል አለቃዋ ካላስቆመች የረብሻው ተባባሪ ናት ሲባል ሰምቼ ነበር። አክስቴ ቤት ተጠግቼ የምማር ልጅ ነበርኩና፣ ተባርሬ ባምባሲ መመለሱን ፈራሁ።

«ጨዋታ ነበር፤ ምንም አልገባኝም» አልኩ።

ገብቶኝ ነበር፣ ቲቸር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የገባኝ ነገር የለም። እርስዎ ቀና ብለው አዩኝ። ወር ሳይሞላ ወደ ማንቡክ ተዛወሩ። የፊዚክስ አስተማሪ ሆነው ለስድስተኛ ክፍል ሒሳብ እንደሚያስተምሩም ሰማሁ። ማንቡክ የራሳችን ክልል ነው፤ ግን አባይን ተሻግሮ ለመድረስ በሰው ክልል መዞር አለ። እኔም መንገዱን ሰበብ አድርጌ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ የእኔ ተራ ደረሰ። ከአለቃ እስከ ጥበቃ ሁሉም ሠራተኛ ነበረ። «ቦምብ ለማን ነው ያዘዝሽው?» ተባልኩ። ግቢያችን ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር የለቃቀምኩትን የማንጎ ፍሬ አወጣሁና ሁለት ሁለት አደልኳቸው። ወንበር ስለማይበቃን ግማሾቹ ቀድሞውንም ቆመዋል። መጀመሪያ ያለ ኪስ፣ ከዚያ በኪስ አደረግነው። ሁለተኛው ላይ አቶ ሞቱማ ራሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አገሮቹ ለምን ተጨቃጨቁ ሲሉኝ የማውቀውን ተናገርኩ፤ ገሚሱ ቦምቡንና አደጋውን ይፈራል፣ ገሚሱ ያለዚህ ጭሱ አይቀንስም ይላል፣ ሳይግባቡ ሲቀሩ ከአሠራሩ ውጭ አደረጉት።

ይኼኔ የበርታ ተወላጅ የሆኑት ጥበቃችን ጋሽ ጁምዓ እጃቸውን አወጡ። «ቀነኒ፣ ጭስ የለውም አልሽ። ጥሩ። አመድስ? አመዱ የት ይደፋል?»

«አስተማሪዬን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ከቀርከሃና ከከሰል ሌላ አንድደው የማያውቁ ሰው፣ ቅጹንም ደብዳቤውንም ደጋግሜ ሳነብ ያልመጣልኝን ጥያቄ በአንዴ አመጡት። አመድ የሌለው እሳት የለም ብለው ነው መሰለኝ። እርስዎ እዚህ ቢቆዩ ኖሮ ይህንንም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያስተምሩን ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያም ከዚህ ያስነሣሁዎ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ግለ ሂስ አድርጊ ስባል ተነሣሁ። ስምምነቱን ሳላነብ ሳጥኑን በመሙላቴ፣ የቶንጎንም ፍሪጅ በማዘግየቴ ጥፋተኛ ነኝ አልኩ። አልተቀመጥኩም።

«ሌላም አለኝ። በ1988 በመምህር ጫኔ ላይ የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት ነው። ትምህርት ነበር። ገብቶኝም ነበር፤ አሁን ያያችሁት እሳቸው ያስተማሩኝን ነው።»

አቶ ሞቱማ ከአጀንዳው ውጭ ነው፣ ይሰረዝ አሉ። ጸሐፊያችን እታለም ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አስፍሬዋለሁ፤ ስርዝ ድልዝ ያለው ቃለ ጉባኤ ደግሞ ማኅተም አይመታበትም» አለች። የአቶ ሞቱማ የራሳቸው መመሪያ ነው። አቶ ሞቱማ ጥቂት አጉተመተሙና ፈረሙ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ቅጹ ታርሞ ሄዷል፤ የቶንጎውን ፍሪጅ መልስ ገና እየጠበቅን ነው።

ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከዚህ ጋር አለ። ለሥልጠና ወደ እናንተ የምትመጣው የቢሮ ባልደረባዬ ብዙወርቅ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያቅርቡት። ይጠቅምዎ እንደሆነ አላውቅም፤ ምስክሯ ትምጣ ካሉ ግን አባይን ዞሬ እመጣና እዚያም እደግመዋለሁ።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ከበደኝ፤ ስድስት ዓመትዎን ከየት አመጣለሁ? ጋሽ ጁምዓ ግን ምንም አልበደሉዎትም። በየጠዋቱ በር ላይ «አስተማሪሽ መልስ ላከ?» ይሉኛል። እባክዎ ለእሳቸው ይጻፉላቸው። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እጠብቃለሁ።

ያኔም ገብቷት የነበረች ተማሪዎ፣
ቀነኒ ገመቺስ