ባለቤት ያጣ መዛነፍ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ትምህርት ቤት ዋልኩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ስፖርት። ስመለስ እማዬ ጓሮ ልብስ ታጥባለች፤ አባዬ ሳሎን ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። በመካከላቸው ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ለአባትህ ንገረው፤ የሚታጠብ ሸሚዝ ካለው ያምጣ።»

ሄጄ ነገርኩት።

«የለኝም በላት።»

ተመልሼ ነገርኳት። ሰምታዋለች እኮ! እሱም ሰምቷታል... ወንድሜ ከተቀበረ ጀምሮ እንዲህ ነን። እኔ የሁለቱ ስልክ ሆኛለሁ። ያውም ሒሳብ የማይከፈልበት።

ሊሞት ያን ዕለት ማታ ወንድሜ «ደረቴን አፈነኝ» ቢለው አባዬ «ደክሞህ ነው፣ ተኛ» አለው። ተኛ። ጠዋት አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ቀድሞ ቢመጣም ማወቅ ይከብድ ነበር አለ። ማን ይስማው? እማዬ ጥፋቱን አባዬ ላይ ጣለችው። እሱም አንድ ቀን መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ወንድሜ ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ሄድኩ። ዝሆኔ ነው ያስጠራኝ። የሥራ ባልደረባው። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው፣ በውፍረቱ። እኔ ግን ፊት ለፊት ጋሼ ነው የምለው።

ወንድሜ ሳይጨርሰው የቀረ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለ። ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ በረጅም ኬብል ዳታ የሚልክ። ፈተናውን አላለፈም።

«ብቻዬን ልነካው አልቻልኩም» አለኝ ዝሆኔ። «ካንተ ጋር ከሆነ ግን...»

ሲግናሉ፣ በኬብሉ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ምት፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ ምት በተወሰነለት ቅጽበት መድረስ አለበት። አንዱ ግን ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ጂተር ይሉታል። ሲበዛ ተቀባዩ አንዱን ዜሮ፣ ዜሮውን አንድ ብሎ ያነባል። ሲግናል በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ምቶቹን ሁሉ በላይ በላዩ ሲደራርባቸው ስክሪኑ ላይ የዓይን ቅርጽ ይወጣል። ሲግናሉ ጥሩ ከሆነ ዓይኑ ክፍት ነው።

የወንድሜ ሰሌዳ ጨፍኗል ማለት ይቻላል። አየሁትና ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ዝሆኔ መዛነፉን በግራፍ አወጣው። ስንቱ ቀደመ፣ ስንቱ ዘገየ። ሁለት ጉብታ ሆኖ መጣ።

«ሁለት ጉብታ ካየህ ሌባ አለ ማለት ነው። እየተመላለሰ ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ነገር አለ።»

ሌባው ሰሌዳውን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀየርነው። አንድ ጉብታ ብቻ ቀረ። ዓይኑም ተከፈተ! ዝሆኔ በደስታ ጀርባዬን ሲመታኝ በአፍጢሜ ልደፋ ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ትልቁን ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥታለች። አክስቴ ጋ ልትሄድ።

«ለአባትህ ንገረው። በሚቀጥለው እሁድ እሄዳለሁ። አልመለስም።»

ይህን አልነገርኩትም። ግን ሰምቷል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

የቀረችው ጉብታ እረፍት ነሳችኝ። ከምን መጣች? ኬብሉን ቀየርኩ። ያው። ማገናኛውን እንደገና በየድኩ። ያው። መብራቱን አጠፋሁ። ማራገቢያውንም አጠፋሁ፤ ዝሆኔ በላብ ተጠመቀ። ያው!

«በቃ፣ ተወው» አለኝ።

«ሌባው አልተያዘም እኮ!»

«ይሄኛው ሌባ የለውም። ባለቤት የለውም።»

«ምክንያት የሌለው ነገር አለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሙቀት ነው። ሽቦ ውስጥ ያለው ነገር መቼም አያርፍም። ማንም አላጠፋም። ሌባውን ሁሉ ለቅመህ ስትጨርስ የሚተርፍ አለ። እሱን አታባርረውም። ስትሠራ ቦታ ትተውለታለህ።»

ጮህኩበት። ሰነፍ አልኩት... እንዴት አፌ ተናገረው? በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። በርጩማው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ያን ሁሉ ሰውነት ይዞ።

«እኔም ፈልጌ ነበር» አለ። «የሰሌዳውን ሌባ አይደለም፤ የወንድምህን። ሥራ አብዝቼበት ይሆን እያልኩ...»

ዓርብ፣ የካቲት 15

አባዬን በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁት። ዛሬ ጠየቅኩት።

«ለምን አትመልስላትም? ሐኪሙ ያለውን አንተም ሰምተሃል።»

ወደ መንገዱ አየ። ያልፈዋል ብዬ ነበር።

«እናትህ ጥፋቱን የምትጥልበት ቦታ ትፈልጋለች» አለ በመጨረሻ። «ራሷ ላይ ከምትጥለው እኔ ላይ ትጣለው።»

«አንተስ የት ትጥለዋለህ?»

«ሂድ አጥና» አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

እማዬ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አባዬ...» አልኳት።

«ምን በላት አለህ ደግሞ?»

«በላት አላለኝም። ግን ልንገርሽ።»

ቃል በቃል ነገርኳት። አንድም አልጨመርኩ። እጇ ሸሚዙ ላይ ቀረ። የወንድሜ ሸሚዝ ነው፤ ይዛው ልትሄድ ኖሯል።

«እንደዚያ አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

«ጅል» አለች። «ጅል ሰውዬ...»

ሸሚዙን ፊቷ ላይ አደረገችው። በሩን ዘግቼላት ወጣሁ።

እሁድ፣ የካቲት 17

ሄደች። ግን በትንሹ ቦርሳ። ትልቁ ሻንጣ አልጋ ሥር ተመልሷል።

«ይሄን ፌርማታ ድረስ ያዝልኝ» አለች በር ላይ ቆማ። እጄን ዘረጋሁ።

«አንተን አይደለም።»

አባዬ የጫማውን ክር ሳያስር ተነሣ።

በመስኮት አየኋቸው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆማ ጠበቀችው። አንድ ነገር አለችው። እሱም መለሰላት። ምን ተባባሉ? አላውቅም።

ቤቱ ጭር አለ። የወንድሜ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ዛሬ አለቀስኩ... ጮክ ብዬ፣ እንደ ሕፃን።

አባዬ ሲመለስ እዚያው አገኘኝ። «ለሳምንት ነው» አለ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። አልጋው ለሁለት ሰው ጠባብ ነው።

ጠጋ አልኩለት።