ቢጫው ግንብ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሀብቱ፦

ከልጅዎ ከየወርቅውሃ የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ብርድ ሲመጣ የሚይዝዎት ሳል ለቀቀዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ንዴቴን ካልቆጠሩት በቀር።

ቤታችን እንዲሸጥ ውክልና ላኪ ያሉኝ መልእክት ደርሶኛል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለ እኔ ፊርማ አይሸጥምና። ደላላው ባሳየዎት ፕላን ላይ መንገድ ሳሎናችንን አቋርጦ ስለሚያልፍ ሳይፈርስ እንሽጠው ብለዋል። ወንድሜ ተፈራም ከሳን ሆዜ ደውሎ፣ «በቃ ሳይን አድርጊው፣ ፕላን ላይ ከወጣ ኦቨር ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ሁለት ቀን አለቀስኩ።

ፍሩትቬል ውስጥ አሮጌ ወረቀት ስካን የምናደርግበት ሱቅ እንደምሠራ ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ፣ ካዲዝ የምትባል የስፔን የወደብ ከተማን ለመመሸግ የንጉሥ መሐንዲሶች በጥንት ጊዜ የነደፏቸውን ፕላኖች ይዘው መጡ። በአንዱ ላይ የዓሣ አጥማጆችን ሰፈር ለሁለት የሚቆርጥ ረጅም ግንብ አይቼ «የከተማዋ ግንብ» ብዬ መዘገብኩት። ሰውየው ሳቁብኝ። በቀይ የተቀባው የተሠራው ነው፤ ቢጫው ገና የታሰበው ነው፤ ይህ ግንብ ከወረቀት ወርዶ አያውቅም አሉኝ። አዲስ መሐንዲስ በመጣ ቁጥር የፊተኛውን ትቶ ሌላ ይነድፍ ነበር አሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ቤታቸው ውስጥ ነበሩ።

አባቴ፣ ያኔ ደሜ ፈላ። እርስዎ ዘንድ ላለው ለታናሹ ወንድማችን ለህዝቅያስ ደውዬ የደላላውን ወረቀት ፎቶ አስላክሁት። ማኅተም የለው፣ ቁጥር የለው! ከላይ «የመነሻ ሐሳብ» ይላል፤ ዓመቱም እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ የነበረ ነው። እርስዎስ ዐይንዎ ደክሟል፤ ህዝቅያስ ምን ነክቶት ነው ያላነበበው?

ስለዚህ ውክልናውን አልልክም። ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ህዝቅያስ ክፍለ ከተማ ሄዶ ይጠይቅ። መንገዱ የእውነት ከሆነ ማኅተሙን ይዞ ይምጣ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ማንም ባሰመረው መስመር ግን እናቴ ያሳደገችኝን ቤት አልለቅም! ፖስታው ውስጥ ውክልና ሲፈልጉ የካዲዝን ፕላን ቅጂ ያገኛሉ፤ ሰውየው ፈቅደውልኝ ነው። ሳሎን ይስቀሉት።

የአክስቴን የወይዘሮ ወለተ ማርያምን ጉልበት ሳሚልኝ ብላለች ብለው ለቤተልሔም ይንገሩልኝ። እሷንም፣ ባሏን ህዝቅያስንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ተቆጥቼዋለሁ እንጂ አልተጣላሁትም። ለደላላው ሰላምታ የለኝም። ተመልሶ ከመጣ ግን ፕላኑ ሥር ያቁሙትና፣ ቢጫውን ግንብ ሄደህ አሳየኝ ይበሉት።

ልጅዎ የወርቅውሃ

ሳን ሊያንድሮ፣ ካሊፎርኒያ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.